ስኳሯ 290 ነበር፤ ታዲያ ምን ጣላት?

ተናጋሪዎቹ ሦስት ናቸው። ሲስተር ዕድሜያቸውን በሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የጨረሱ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መድኃኒቱን ይዞ የሚመጣባቸው የደሴ ሴት ናቸው። ሹፌሩ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። ልጁ 14 ዓመቷ ነው፤ ያለ ኢንሱሊን የማይኖርበት፣ አንደኛው ዓይነት የሚባለው ስኳር አለባት። ቦታው የሲስተር ቤት ነው፤ ሁለተኛው ቡና ተቀድቷል።

ሹፌሩ፦ ሲስተር፣ ከሆስፒታል ስንወጣ ዶክተሩ «ከእንግዲህ ስትታመም ኬቶኗንም ለኩ» አለን። እሺ እሺ አልኩ እንጂ ወላሂ ምኑም አልገባኝ። ስኳሯን እንደሆነ ጠዋት ማታ ትለካለች፤ ደብተሯ ይኸው። ሌላ የሚለካ ነገር ደግሞ ከየት መጣ?

ሲስተር፦ እስቲ መጀመሪያ ሆስፒታል ያስገባችሁን ንገረኝ።

ሹፌሩ፦ ነሐሴ ላይ ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ሄዳ ትኩሳት ያዛት። ኮምቦልቻን መቼም ያውቁታል፤ ከዚህ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢወርዱ ነው፣ አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። እዚያ ትኩሳት ከተባለ ወባ ነው። አንድ ክሊኒክ ወስደው የወባ መድኃኒት አሰጧት። እህል አልቀምስ አለች። እህቴ ፈራች። «በባዶ ሆዷ ተወግታ ስኳሯ ወርዶ ብትሞትብኝ ለወንድሜ ምን እለዋለሁ?» ብላ መርፌውን አስተወቻት።

ልጅቱ፦ እኔ ልወጋ ብያታለሁ።

ሹፌሩ፦ ብላለች፤ ማን ሰምቷት! ከዚያ ማስመለስ መጣ፣ ሆዴን ሆዴን አለች። አንዱ ጨጓራ ነው ይላል፣ ሌላው ታይፎይድ ነው ይላል። እኔ ስደርስ ተኝታ ሳለ ዳገት እንደወጣ ሰው ታለከልካለች። «ይኼማ ሳንባ ምች ነው» ተባለ። ስኳሯን ብንለካው 290። እኔ እኮ 400 አልፎባት ስትሮጥ አይቻታለሁ። በ290 ሰው እንዴት እንደዚያ ይሆናል?

ሲስተር፦ 290ው አይደለም የጣላት፤ አሲዱ ነው። ስማኝ፣ ኢንሱሊን ሲጠፋ ስኳሩ ደም ውስጥ ይሞላል እንጂ ወደ ሥጋዋ አይገባም። ሰውነቷ የተራበ ይመስለዋል። ስለዚህ ስቧን ይሰብርና ወደ ጉበት ይልካል፤ ጉበት ደግሞ ኬቶን ያደርገዋል። ኬቶን በልኩ ክፉ ነገር አይደለም፤ ጤነኛ ሰው ሲጾም ትንሽ ያመነጫል፣ ልቡም አንጎሉም ይጠቀሙበታል። የጤነኛው ኢንሱሊን ግን «በቃ» ይለዋል። የእሷን «በቃ» የሚለው የለም። ኬቶኑ ይከማቻል፣ ደሟ አሲድ ይሆናል። ያ ማለክለክ ሳንባዋ አሲዱን በትንፋሽ ለማውጣት የሚታገለው ነው። ኩስማውል የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1874 እ.ኤ.አ. ጽፎት እስከ ዛሬ ትንፋሹ በስሙ ይጠራል። ማስመለሱም የሆድ ቁርጠቱም ከዚያው ነው።

ልጅቱ፦ አፌ ደግሞ አሴቶን አሴቶን ይል ነበር። የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት።

ሲስተር፦ ተመስገን! ይኼን ያስተዋለ ሰው ነበር ማለት ነው። የሚመስል ብቻ አይደለም ልጄ፣ ራሱ አሴቶን ነው፤ ከሦስቱ የኬቶን ዓይነቶች አንዱ በትንፋሽ የሚወጣው ነው። ግን አፍንጫን ብቻ አትመኑ፤ ይኼን ሽታ ጨርሶ የማይለይ ብዙ ሰው አለ።

ሹፌሩ፦ ታዲያ ክሊኒኩ ይኼን እንዴት ሳያይ ቀረ?

ሲስተር፦ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። እነዚህን ይዘህ ወሎ ውስጥ የትም ብትሄድ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ጨጓራ፣ ሳንባ ምች ይደረደርልሃል። ወባውም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ኬቶንን የሚቀሰቅሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ሕመም ነው ወይም የመርፌ መቋረጥ ነው፤ የአንተ ልጅ ላይ ሁለቱም ተገናኙ። ስኳር እንዳለባት እንኳ ገና ያልታወቀ ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ውኃ ውኃ ስትል፣ ሌሊት ሽንት ሲያመላልሳት፣ ስትከሳ ከርማ መጨረሻ ላይ በዚሁ ትንፋሽ ሆስፒታል ትገባለች፤ በሽታው የሚታወቀው ያኔ ነው። እኔ እነዚህን ልጆች ተቀብያለሁ። የሚቆጨኝ፣ ሁሉም ቀድመው አንድ ሁለት ቦታ ታይተው የመጡ መሆናቸው ነው።

ሹፌሩ፦ እህቴስ? እውነት ለመናገር እኔም ብሆን ባዶ ሆዷን አልወጋትም ነበር።

ሲስተር፦ አብዛኛው ቤት እንደዚያ ነው የሚያስበው፤ ሰውን የሚገድለውም ይኸው አስተሳሰብ ነው። የታመመ ሰውነት ባይበላም ጉበቱ ራሱ ስኳር ይሠራል፤ የሕመሙ ሆርሞን ደግሞ ኢንሱሊኑን ያዳክመዋል። ስለዚህ በሕመም ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልጋት ኢንሱሊን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መጠኑ ይስተካከላል፣ አዎ፤ ስኳሯ ዝቅ ካለ ስኳር ያለው ሻይ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ትጠጣለች፣ መርፌውም ይቀነስላታል። ጨርሶ ማቋረጥ ግን የለም። ስንት ይቀነስ፣ ስንት ይጨመር የሚለውን በጤናዋ ጊዜ ሐኪሟ በወረቀት ይጻፍላችሁ፤ በሌሊት ትኩሳት መሐል የሚፈለሰፍ ነገር አይደለም።

ሹፌሩ፦ እሺ፣ መለኪያውስ?

ሲስተር፦ ያቺን የሽንት ኬቶን መለኪያ ስትሪፕ ያለባትን ጠርሙስ አቀብለኝ። ተመልከት፣ ክዳኑ ውስጥ ያለችው ነገር እርጥበት የምትመጥ ናት፤ እንዳትጥላት። ስትሪፑን በደረቅ እጅ ታወጣለህ፣ ክዳኑን ወዲያው ትገጥማለህ። ይኼ ጫፉ ላይ ያለው ክሬም ቀለም ያለው ነገር ነው የሚለካው፤ በጣትህ አትንካው። ነይ ልጄ፣ ይኼን ብርጭቆ ይዘሽ ግቢና ሽንትሽን ይዘሽ ነይ።

ልጅቱ፦ አሁን?

ሹፌሩ፦ ምን ያሳፍራል? ሂጂ።

ሲስተር፦ ያሳፍራል እንጂ፤ 14 ዓመቷ ነው። ሂጂ የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ ወደ መስኮቱ ይዞራል።

(ልጅቱ ተመለሰች። ስትሪፑን ነከረች፣ ትርፉን በብርጭቆው ጠርዝ አራገፈች፣ አግድም ይዛ ሰዓቷን ማየት ጀመረች።)

ሲስተር፦ ይኸውልህ፣ ማንም ሳያስተምራት። ሰከንዱ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ነው፤ በ15 ሰከንድ የሚነበብ አለ፣ በ40ም በ60ም የሚነበብ አለ። አልፎ ከቆየ ቀለሙ ይዋሻል። አሁን ከጠርሙሱ ሥዕል ጋር አስጠጊው፤ በመብራት ሳይሆን በመስኮቱ ብርሃን።

ልጅቱ፦ ክሬም እንደሆነ ቀረ።

ሲስተር፦ የለብሽም ማለት ነው። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ ጥቂት አለ፤ ውኃ እየጠጣሽ፣ መርፌሽን ሳታስቀሪ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደግመሽ ትለኪያለሽ። ወደ ወይን ጠጅ ከጠቆረ ጫማ ይደረጋል፣ ሆስፒታል ይኬዳል። መቼ ይለካ ለምትለው፦ ስኳሯ ከ240 በላይ ሆኖ አልወርድ ሲል፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲይዛት፣ ሲያስመልሳት፣ መርፌ ሲያመልጣት። ሕመሙ እስኪለቃት በየአራት ስድስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። ሌላም ልንገርህ፤ በ400 ስትሮጥ አየኋት ያልከው፣ ያን ቀን ኬቶን ቢኖርባት ኖሮ ሩጫው ያባብስባት ነበር። ኬቶን ያለበት ሰው ስፖርት አይሠራም፤ ስኳሬን ላውርድ ብሎም ቢሆን።

ሹፌሩ፦ ጠርሙሷን መኪና ውስጥ ባስቀምጣትስ? ሁልጊዜ ከኔ ጋር ትሆናለች።

ሲስተር፦ ዳሽቦርድ ላይ? ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቆመህ ተሳፋሪ እስኪሞላልህ ፀሐዩ ያበስላታል። የበሰለ ስትሪፕ ደግሞ ኬቶን እያለ የለም ሊልህ ይችላል፤ ይኼ ከነጭራሹ ካለመለካት ይከፋል። ኢንሱሊኑም እንደዚያው ነው። ፍሪጅ ከሌለ ውኃ እየተረጨ በጥላ የሚቀመጥ የሸክላ ገንቦ ውስጥ ይግባ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ፤ በኬንያ የዳዳብ ስደተኞች ካምፕ ሙቀት፣ ማለት በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል እየተለዋወጠ፣ የተከፈተ ኢንሱሊን ለአራት ሳምንት ኃይሉን እንደያዘ ይቆያል አለ። ፍሪጅ የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ ለማለት ነው እንጂ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጡት ለማለት አይደለም።

ሹፌሩ፦ ስትሪፑ ንጹሕ ካለ ግን ያለ ሐሳብ እተኛለሁ?

ሲስተር፦ አትተኛም፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በል። ሽንት ፊኛ ውስጥ የቆየ ነገር ነው፤ የሚነግርህ የአሁኑን ሳይሆን ከሰዓታት በፊት የነበረውን ነው። ሁለተኛ፣ ስትሪፑ ከኬቶኖቹ አንዱን፣ አሴቶአሴቴትን ነው የሚያየው። በክፉው ሰዓት በደሟ ውስጥ የሚበዛው ደግሞ ሌላው ነው፤ ቤታ ሃይድሮክሲ ቢዩቲሬት ይሉታል፤ እሱን ጨርሶ አያየውም። እንዲያውም ሆስፒታል ገብታ እየተሻላት ሳለ ያኛው ወደዚህኛው ስለሚለወጥ ሽንቷ ሊጠቁር ይችላል። ወላጅ አይቶ ይደነግጣል፤ ልጅቱ ግን እየዳነች ነው። ከጣት ደም የሚለካ የኬቶን መሣሪያ አለ፤ ያኛውን በቀጥታ ያነባል። ከ0.6 በታች ከሆነ ደህና ነው፣ ከ1.5 ካለፈ አስጊ ነው፣ 3 ከደረሰ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ያስልካል፤ ለሌላው ግን ስትሪፑ ውድ ነው፣ መሣሪያው ቢገኝ ስትሪፑ ያልቃል። በዚህ አገር አቅም የሽንቱ ነው የሚያዋጣው። ጉድለቱን አውቆ የሚጠቀምበት ሰው ብዙ ይተርፋል።

ሹፌሩ፦ ሲስተር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስኳሩ እስከወረደ ድረስ ኬቶኑ አብሮ አይወርድም? ለምን ሁለት ጣጣ?

ሲስተር፦ የኢንሱሊን ታሪክ ራሱ ነው የሚመልስልህ። ቶሮንቶ፣ ጃንዋሪ 1922 እ.ኤ.አ.። ሌናርድ ቶምፕሰን የሚባል ልጅ ሊሞት ደርሷል፤ 14 ዓመቱ ነው፣ ልክ እንደ እሷ። ተመራማሪዎቹ ባንቲንግና ቤስት ከእንስሳ ቆሽት ያወጡትን ፈሳሽ በወሩ 11ኛው ቀን ወጉት። ስኳሩ ጥቂት ወረደ። ኬቶኑ ግን አልለቀቀውም፣ የተወጋበትም ቦታ መግል ያዘ። «ስኳሩ ወርዷል» ብለው ቢያጨበጭቡ ኖሮ ልጁ ይሞት ነበር። ኮሊፕ የሚባለው የኬሚስትሪ ሰው ፈሳሹን አጣራውና በወሩ 23ኛው ቀን ልጁ እንደገና ተወጋ። ያን ጊዜ ስኳሩም ወረደ፣ ኬቶኑም ከሽንቱ ጠፋ። ልጁ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖሯል። መድኃኒቱ መሥራቱን ያረጋገጡት በስኳሩ ብቻ አይደለም፤ ኬቶኑ ሲጠፋ ነው። እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ ቁጥሩን ብቻ እያየን እንሄዳለን። ደግሞ ስኳሩ ገና ብዙም ሳይወጣ ኬቶኑ የሚሞላበት ጊዜ አለ፤ ዳፓግሊፍሎዚንና ዘመዶቹ የሚባሉትን አዳዲስ የስኳር ክኒኖች በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል። እነሱ ሲያስመልሳቸው «ስኳሬ 180 ነው፣ ደህና ነኝ» ማለት የለባቸውም።

ሹፌሩ፦ እሷ በተኛችበት ሆስፒታል ከላጋምቦ የመጣ አንድ ገበሬ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ እንደ ጦር የቀጠነ። እሱ ስኳሩ 500 አልፎ ቁጭ ብሎ ያወራል።

ሲስተር፦ እንዲህ ያለውን ሰው በእኛ ክልል ገጠር ታገኘዋለህ። የጎንደሯ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል፤ ድሃ፣ ቀጭን፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የገጠር ሰው ስኳሩ ከምግብ እጥረት ጋር ይያያዛል ወይ ብለው ጠየቁ። ዓለም ለረጅም ጊዜ ጆሮ አልሰጠውም፤ በ2017 ዓ.ም. ነው ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን አምስተኛ ዓይነት ብሎ ስም የሰጠው። እነሱ ቶሎ ኬቶን አይሞላባቸውም ይባላል። አንተ ግን በእሱ አይተህ ልጅህን አትመዝን። የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም።

ሹፌሩ፦ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው መድኃኒቱ ቢጠፋስ የሚለውን ነው። በ2014ቱ ጦርነት ልጅቱ ገና አልታመመችም ነበር፤ አልሃምዱሊላህ እላለሁ።

ሲስተር፦ በል እንጂ። በዚያ ዓመት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በህወሓት ኃይሎች እጅ ሳሉ የደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ተዘረፈ፤ መሣሪያው መድኃኒቱ ሄደ። በዚያው ዘመን መቀሌ ዓይደር ሆስፒታል ውስጥም ኢንሱሊን አለቀብን እያሉ ሐኪሞቹ ይጮሁ ነበር፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጥር ላይ ነው ኢንሱሊን ያለበት መድኃኒት በአውሮፕላን ያስገባላቸው። የስኳር ሕመምተኛ ይኼኛው ወገን ያኛው ወገን የለውም፤ መርፌው ሲያልቅ ኬቶኑ የሚመጣው በሁለቱም ቤት ነው። ስለዚህ የኢንሱሊኑ ጠርሙስ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሲጋመስ ሌላውን አምጣ።

ልጅቱ፦ ሲስተር፣ ረመዳን ሲመጣ ግን መጾም እችላለሁ አይደል? ጓደኞቼ ሁሉ ይጾማሉ።

ሹፌሩ፦ አያቷም ትጠይቀኛለች። እኔ መልስ የለኝም።

ሲስተር፦ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በሃይማኖታችሁ አልገባም፤ ሸሆቹ ራሳቸው የታመመን ሰው ጾሙ ነጻ እንዳደረገው ይነግሩሻል። የሕክምናውን ልንገርሽ። አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው፣ በተለይ ባለፉት ሦስት ወራት ኬቶን የጣለው፣ አትጹም ከሚባሉት ውስጥ ፊተኛው ነው። ቀኑን ሙሉ ውኃ የለም፣ መርፌው ይዛባል፤ ከዚያ ኬቶን ይመጣል፣ ወይም ስኳሩ ወርዶ ይጥልሻል። በእኛም ቤት ያው ነው። በፍልሰታ ሕፃኑ ሁሉ ሲጾም ስኳር ያለበትም ልጅ ይከጅለዋል። ጠበል የሄዱ ደግሞ አሉ፤ ጠበሉን ማንም አይከለክልም፣ ይጠመቁ፣ ይጠጡ። «መርፌውን ከያዝሽ እምነት የለሽም» የሚላቸው ሰው ሲገኝ ነው ነገር የሚበላሸው። ከጠበል ቦታ በቃሬዛ የመጣ ሰው ተቀብያለሁ፤ አንዳንዱ ተርፏል፣ አንዳንዱ አልተረፈም። መርፌውን ይዞ የሄደ ሰው ግን እንደዚያ ሆኖ ሲመጣ አላየሁም።

ሹፌሩ፦ እና ስትሪፑ ቢጠቁርብን፣ ትርፍ ኢንሱሊን ወግተናት ቤት ብትተኛስ?

ሲስተር፦ አይሆንም። ሆስፒታል የሚሰጣት ኢንሱሊን ብቻ አይደለም፤ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ፣ ፖታሲየምም ነው። ኢንሱሊን ፖታሲየሙን ከደም ወደ ሴል ይጎትተዋል፤ ሳይለካና ሳይተካ ከወረደ ልብ ይቆማል። ይኼ የቤት ሥራ አይደለም። በአንተ እጅ ያለው ቶሎ ማየትና ቶሎ ማድረስ ነው። ከኮምቦልቻ ከሆናችሁ ሌሊት ይንጋ አትበሉ።

ሹፌሩ፦ ሌሊትማ መኪናው የኔ ነው፤ በዚህ አብሽር። ግን ይቺ የስትሪፕ ጠርሙስ የት ትገኛለች? ሁለት ፋርማሲ ዞሬ የለም ብለውኛል፤ የተገኘ ጊዜም ከኪስ ነው።

ሲስተር፦ ፈልግ፤ ሽንት የሚለካ ባለ ብዙ መስመር ስትሪፕም ያው ነው፤ ከመስመሮቹ አንዱ ኬቶን ነው። ካጣህም ጤና ጣቢያ ሂድ። «ሽንት ይታይላት» ሲባል ላቦራቶሪው የሚነክረው ያንኑ ባለ ብዙ መስመር ስትሪፕ ነው፤ ኬቶኑ እዚያው ላይ አለ። ችግሩ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ወባውና ታይፎይዱ ታይቶ ልጅቱ ትሸኛለች። ስለዚህ ካርድ ክፍሉ ላይ ጀምረህ «ስኳር አለባት፣ መርፌ ትወጋለች፣ ኬቶኗን እዩልኝ» በል። ቢሰለቹህም ድገመው። ያስመለሳት እንደሆነና የጠጣችው አልረጋ ካለ ደግሞ ስትሪፕ ፍለጋ አትዙር፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ልጅቱ፦ ክፍል ውስጥ ቢያመኝስ? ለማንም አልተናገርኩም።

ሲስተር፦ ነገ ለክፍል ኃላፊሽና ለአንድ ጓደኛሽ ትናገሪያለሽ። ሁለት ሰው ይበቃል፤ ሌላው ባያውቅ ምንም አይደለም። አንተ ደግሞ ስልክህን አውጣ። ኮምቦልቻ ላለችው እህትህ አሁኑኑ ደውልላት፤ አትውቀሳት፣ ማንም አልነገራትም። ልጅቷ ባትበላም መርፌው እንደማይቋረጥ፣ ካስመለሳት ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ሆስፒታል እንድታደርሳት ንገራትና፣ የነገርካትን መልሳ ትንገርህ።